አባዬ መንገድ የተማረበት ክረምት

ባለፈው ሐምሌ ከደሴ ወደ ወልድያ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውርጌሳን አልፎ መርሳ ሳይደርስ ቆመ። ከፊታችን ያለው ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ተሳፋሪው ስልኩን እያወጣ ውሃውን ሊያይ ወደ ዳር ተጠጋ። እኔም ወረድኩ። እግሬ ገና መሬት ሳይነካ ግን አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የረጠበ አቧራ፣ የፍየል በጠጥ፣ የተላጠ ቅርፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ የተቦኩበት ሽታ። ሳላስበው ፊቴን አዙሬ ከአውቶቡሱ በላይ ያለ ጉብታ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

ረዳቱ ከታች ሆኖ «እህት፣ እዚያ ሆነሽ ምን ይታይሻል?» ብሎ ሳቀብኝ።

የሚታየኝስ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ የነበረው ክረምት ነው የታየኝ።

ያኔ የምንኖረው መርሳ ነው። አባዬ፣ መምህር አየነው፣ የጎጃም ሰው ነው። ጂኦግራፊ ሊያስተምር ተመድቦ መጥቶ አገሩን ወደደውና እዚያው ቀረ። እናቴ ነርስ ናት፤ በዚያ ዓመት ትምህርቷን ልታሻሽል ደሴ ገብታ ስለነበር ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አባዬ ነን።

አባዬ ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሳ የአፍሪካን ካርታ ይስል ነበር። ከሞሮኮ ይጀምርና በምዕራቡ ዳርቻ ይወርዳል፤ ደቡብ አፍሪካን ይዞርና በቀይ ባሕር በኩል ሽቅብ መጥቶ የጀመረበት ላይ ይገጥማል። ተማሪዎቹ ያጨበጭቡለታል። አንድ ቀን ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ ይህንን አየሁና፣ አፍሪካን በአንድ እጅ ዞሮ የሚመለስ ሰው የትም ሊጠፋ አይችልም ብዬ ደመደምኩ።

ግንቦት ላይ አባዬ ለመጪው ዓመት ተማሪዎቹን ለመስክ ትምህርት ወደ ቆላው ሊያወጣቸው አሰበ። «አስቀድመን እኔና አንቺ መንገዱን እንየው» አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጧት አንድ ሊትር ውሃ፣ ሁለት ዳቦና አራት ብርቱካን ይዘን ከአስፋልቱ በስተምሥራቅ ወረድን።

ሰማዩ በአቧራ ደፍርሶ ነበር። ከመርሳ ሆነን ሁልጊዜ የምናየው የምዕራቡ ተራራ ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ተሰወረ። አባዬ አልተጨነቀም። «ፀሐይ አለችልን» አለ። ፀሐይዋ ግን ጥቂት ቆይታ አናታችን ላይ ወጥታ ቆመች። ጥላችን እግራችን ሥር ገባ፤ ምሥራቁና ምዕራቡ አንድ ሆነ።

«ደረስን?» እለዋለሁ።

«ደርሰናል» ይለኛል።

የት እንደደረስን አይነግረኝም። እኔም መድረስ ማለት እንዲህ ሲሄዱ የሚውሉበት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። ጫፉ የተሰበረ፣ ቆቡ የተጋደለበት ሰው የሚመስል ቀይ ኩይሳ አለፍን። ብዙ ሄድን። ከዚያ ያንኑ ኩይሳ እንደገና አለፍነው። ያው መሆኑን አውቄያለሁ፤ እኔ የጣልኩት የብርቱካን ልጣጭ ከሥሩ ነበር። ለአባዬ ግን አልነገርኩትም። አባትን «ተሳስተሃል» ይባላል እንዴ?

ውሃውን «ጠጪ፣ ወደፊት ወንዝ አለ» እያለኝ ጨረስኩት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ያለው አሸዋ ብቻ ነው። አባዬ ወዲያና ወዲህ ተመለከተና «ግድ የለም፣ ወንዙን ይዘን ሽቅብ ከወጣን አስፋልቱ ላይ ያወጣናል» አለ። ውሃ የሌለው ወንዝ ግን ሽቅቡና ቁልቁሉ ለዓይን አይለይም። ሽቅብ የወጣ መስሎት ቁልቁል፣ ወደ አፋር በረሃ ይዞኝ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተቀመጥን። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ሲላቀቅ ይሰማኝ ነበር። አባዬ ሸሚዙን አውልቆ ራሴ ላይ አለበሰኝ። ባዶ ደረቱን በሁለት እጁ አቀፈ። ብርድ ይዞት ነው ብዬ በዚያ ሙቀት ገረመኝ።

እማማ ሰዓዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው እዚያ ነው። የዘንባባ ቅጠል የተጫነች አህያ እየነዱ በወንዙ አሸዋ ላይ መጡ። ረጅምና ቀጭን አሮጊት ናቸው። ሰሌን እየሠሩ በመርሳ ገበያና ግራና በምትባል ከተማ ይሸጣሉ፤ ቅጠሉን ራሳቸው ቆላ ወርደው ይቆርጣሉ።

«እንደምን ዋላችሁ!» አሉ ከሩቅ። ሲናገሩ ይጮኻሉ፤ የተቆጡን መሰለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ አባዬ ብድግ ብሎ።

«ወዴት ነው መምህር?» መርሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን እንደሆነ አውቀውታል።

«እንዲሁ ነው… አገር ለማየት።»

እማማ ሰዓዳ ከንፈሬን አዩት። «አገር ማየቱ ይቆይዎትና ይቺ ልጅ ውሃ ጠምቷታል» አሉ። ከጭነቱ ላይ አጭር ዱላ መዘዙና ከእኛ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ዳር ላይ ተንበርክከው፣ «ቢስሚላህ» ብለው መቆፈር ጀመሩ። መጀመሪያ ነጭ አሸዋ ወጣ። ቀጥሎ ቡናማ። ቀጥሎ እጅ ላይ የሚጣበቅ ጥቁር። ክንዳቸው እስከ ብብታቸው ሲገባ ከጉድጓዱ ሥር ዓይን የምታህል ውሃ ብልጭ አለች። የመጀመሪያውን ድፍርስ ቀድተው ደፉት፤ እስኪጠራ ጠበቁ፤ ከዚያ በጣሳ ሰጡኝ። ብረት ብረት ይላል። ጥርሴ ላይ አሸዋ ይንኳኳል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

«ሾላ ያለ ውሃ አይቆምም መምህር» አሉት። «ውሃው ላይ ተቀምጠው በጥም ሊሞቱ ነበር እኮ!»

አባዬ ጣሳውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት አየ። ከአህያዋ ኋላ ኋላ እየሄድን ሦስት ሰዓት ያህል ተጉዘን መርሳ ገባን። 

በማግሥቱ አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣና መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጽፍ ጀመር። ስጠጋው ዘጋው። ሽፋኑ ላይ በትልልቁ «ድክመቶቼ» ይላል።

 ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ታመው ሰው ሁሉ «ደክመዋል፣ በጣም ደክመዋል» ሲል ሰንብቶ፣ በሳምንቱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል። አባዬም ሊሞት ነው። እናቴ እንዳትደነግጥ ደብተር ላይ እየጻፈ ደብቆታል። ለዚያውም አንድ ድክመት አይደለም፤ ብዙ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሴ ላይ ያለውን እንቁላል «አልፈልግም» እያልኩ ወደ እሱ ሳህን አሻግራለሁ። የውሃውን ባልዲ ቀምቼ እሸከማለሁ። ማለዳ ቀድሜው ተነስቼ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ ነው የምመለሰው። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ነይ፣ እማማ ሰዓዳ ጋ እንሂድ» ሲለኝ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ሴትዮዋ መድኃኒት አዋቂ መሆን አለባቸው።

ቤታቸው ከከተማው ዳር ነው። አባዬ በር ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ «እማማ፣ አስተምሩኝ ብዬ ነው የመጣሁ» አላቸው።

«ምን?» አሉ ጭንቅላታቸውን ዘወር አድርገው። ፊታቸውን የሚያዞሩት ስለናቁን መሰለኝ።

«አስተምሩኝ!» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ቆላ ስወርድ የማላውቀው ብዙ ነው።»

እማማ ሰዓዳ ጥቂት አዩት። ሊቀልድባቸው እንዳልመጣ ሲያረጋግጡ «እሺ፤ ጭነት ግን ታግዘኛለህ» አሉ።

«ታግዘኛለህ» አሉት፤ «ያግዙኛል» አላሉም። ወንዙ ውስጥ ባገኙን ቅዳሜ «አንቱ» የተባለ አባቴ ዛሬ «አንተ» ሆነ። እኔን ከነከነኝ። ስንመለስ ነገርኩት። እሱ ግን ፊቱ በርቶ «ተማሪያቸው ነኛ!» አለኝ።

ያን ሰኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእማማ ሰዓዳ ጋር ወረድን። ትምህርታቸው ደብተር የለውም። አባዬ እየሄደ ሳለ በድንገት ያስቆሙትና «አሁን ከኋላህ ምን አለ? ሳትዞር ንገረኝ» ይሉታል። አያውቅም። ስንሄድ ያየነው ግራር ስንመለስ ሌላ ግራር ነው፤ ጀርባው የተለየ ነው። «መንገድ ሁለት ፊት አለው፤ አንተ አንዱን ብቻ ነው የምታየው» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ አባዬ ትንሽ በሄደ ቁጥር እየዞረ ማየት ጀመረ። መርሳ ገበያ ውስጥ ሳይቀር እየዞረ ያይ ስለነበር ሰው የሚከተለው ነበር የሚመስለው።

አንድ ጊዜ ጉድባ ውስጥ አስገቡንና «በል፣ አንተ አውጣን» አሉት። ሁለት ሰዓት አንከራትቶን አስፋልቱን አገኘነው፤ ግን ከከተማው ወዲያ፣ አንድ የማንጎ እርሻ ኋላ። አባዬ ወደ መርሳ እያየ «የተሳሳትኩት ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው» አለ። እማማ ሰዓዳ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል ዝናብ ጣለና የእሳት ትምህርት መጣ። አባዬ እርጥብ ጭራሮ ከምሮ ተንበርክኮ ይነፋል፤ ክብሪቱ ሊያልቅ ነው እንጂ እሳት የለም። እማማ ሰዓዳ ራቅ ብለው ቅጠል ይሰነጥቃሉ። አባዬ እየነፋ ያስላል። ሳሉ አስጨነቀኝ። ጠጋ አልኩና በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ አባዬ መቼ ነው የሚሞተው?»

«ምን?» አሉ ጆሯቸውን ሰጥተውኝ።

«አባዬ መቼ ነው የሚሞተው?» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ከእሳቱ ቀና አለ። ዓይኑ በጭስ ቀልቷል፤ አመድ ግንባሩ ላይ አለ። «ማን ነው የሚሞተው?» አለ።

እንባዬ መጣ። ደብተሩን፣ ጎረቤታችንን፣ እንቁላሉን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እማማ ሰዓዳ «ያ አላህ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። አባዬ አልሳቀም። ከቦርሳው ደብተሩን አውጥቶ አጠገቡ አስቀመጠኝና ያነብልኝ ጀመር።

«አንድ፣ ውሃ የት እንዳለ አላውቅም። ሁለት፣ ስሄድ ወደ ኋላ አላይም። ሦስት፣ የያዝኩትን ውሃ አልመጥንም። አራት፣ እርጥብ እንጨት ማንደድ አልችልም…» እዚህ ላይ ወደ ጭራሮው አየ። ከዚያ ደብተሩን ሊዘጋው ጀመረ።

«አምስተኛውስ?» አልኩት። አምስት ቁጥር ተጽፎ ይታየኛል።

«አምስት፣ መጥፋቴን እያወቅኩ ለልጄ ደርሰናል አልኳት።»

እማማ ሰዓዳ ቅጠሉን ትተው ጠጋ አሉን። እኔም ሳላስበው «ኩይሳውን ሁለት ጊዜ አልፈነዋል፤ አይቼው ነበር» አልኩ።

«አይተሽ?» አለ አባዬ።

«ልጣጬ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?» አሉ እማማ ሰዓዳ።

«አባዬ ያውቃል ብዬ።»

እማማ ሰዓዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው አንቺም ድክመት አለሽ መቅደስ። ያየሽውን ትውጪዋለሽ። አብሽሪ፣ ይሻላል፤ አንድ ብቻ ነው።» ተነስተው ቆሞ ከደረቀ ግራር ላይ ቅርንጫፍ ሰበሩ፤ ቅርፊቱን ልጠው ደረቁን ሆድ ፈለፈሉት፤ የወፍ ጎጆ ጨመሩበት። አባዬ በመጨረሻው ክብሪት ለኮሰው። ያዘ። እኔና አባዬ እሳቱን እያየን ብዙ ጊዜ ቆየን።

ደራሽ ጎርፍ የመጣብን ሐምሌ ውስጥ ነው።

ቅጠል ጭነን ስንመለስ ወንዙን መሻገር ነበረብን። ፀሐይ ነው። አሸዋው ላይ ጣት የምታህል ውሃ ብቻ ትፈሳለች። እማማ ሰዓዳ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሳይገቡ በፊት ወደ ተራራው ብዙ አዩ። ተራራው ጠርቷል። «ሰላም ነው» አሉና ገባን።

መሐል ስንደርስ የአህያዋ ጭነት ተጋደለ። አባዬና እማማ ሰዓዳ ገመዱን ፈተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። እኔ ቀድሜ ዳሩ ላይ ደርሼ ነበር። ከላይ በኩል የጭነት መኪና ኮረት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የመንገድ መኪና ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ እዚያ አካባቢ ምንም መንገድ እንደሌለ ትዝ አለኝ። ነፋሱ ያን የረጠበ አቧራና የተላጠ ቅርፊት ሽታ አመጣው። ወንዙ ዳር የነበሩ ፍየሎች አንድ ላይ ሽቅብ መውጣት ጀመሩ።

ወደ እማማ ሰዓዳ አየሁ። ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ገመድ ያጠብቃሉ። ምንም አልመሰላቸውም። የሚያሰጋ ቢሆን እሳቸው ያውቁ ነበር ብዬ አሰብኩ። እሳቸውን ማን ያስተምራል? ያ ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደወሰደብኝ አላውቅም። ረጅም ይመስለኛል።

«አባዬ…» አልኩ። ድምፄ አልወጣም።

«አባዬ! ውሃ! ውሃ እየመጣ ነው!»

አባዬ ቀና አለ። «የት አየሽው?» አላለም። «እርግጠኛ ነሽ?» አላለም። «እማማ፣ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። እማማ ሰዓዳ ገመዳቸውን ማሰራቸውን ቀጠሉ። ደግሞ ጮኸ። አልዞሩም። ያኔ ወገባቸውን ይዞ እንደ ነዶ ብድግ አደረጋቸውና ወደ እኔ መሮጥ ጀመረ። «ልቀቀኝ! አህያዬን! ምን ሆነሃል አንተ!» እያሉ ጀርባውን በጡጫ ይመቱታል። አህያዋ በራሷ ወደ ማዶ ሮጠች።

ዳሩን ይዘን ስንወጣ መጣ። ውሃ አይመስልም፤ ከፊቱ ግንድና ቁጥቋጦ እየገፋ የሚሄድ ቡናማ ግድግዳ ነው። የቆሙበትን ቦታ አልፎት ሄደ። የዘንባባው ቅጠል ተበትኖ ዞረና ጠፋ። አህያዋ ማዶ ቆማ ታናፋለች።

እማማ ሰዓዳ መሬት ላይ ተቀመጡ። 

«ጠራሁዎት እኮ እማማ» አለ አባዬ እያለከለከ። ሁለት ጊዜ ደገመው።

«አልሰማሁህም» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ግራው ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመቱ። ቀኙም ሊከተለው ነው።»

አባዬ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ለሰው ተናግረው ያውቃሉ?»

«ለማን? ለልጄ? ከሰማ ወልድያ ወስዶ ቤት ያስቀምጠኛል። ደግ ነው፤ ይመግበኛል። እኔ ግን ተቀምጬ ምን እሆናለሁ?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ዓይኔ ደህና ነው፤ መንገዱን አውቃለሁ፤ ምን ይጎድለኛል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ዛሬ አንተንና ልጅህን ይዤ ልሄድ ነበር።»

አባዬ አላጽናናቸውም። ጥቂት አስቦ «የሚያውቁት ሁሉ አብሮዎት ነው» አለ። «የጎደለዎት ጆሮ ነው። ጆሮ ደግሞ ከሰው ይገኛል። ብቻዎን ወንዝ አይግቡ። ይኸው ነው።»

 እኔ ዘወር ሲሉ የናቁን ይመስለኝ እንደነበር አሰብኩ፤ ያ ሁሉ ጊዜ ደህናውን ጆሮ እየሰጡን ነበር። ሄጄ በቀኛቸው በኩል ተቀመጥኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። ፀሐይ ልትገባ ስትል ውሃው ጎደለና ተሻግረን አህያዋን አገኘናት።

ልጃቸው ሲነግሩት መቆጣቱን ሰማን። ከወልድያ መጥቶ ሁለት ቀን ተከራከራቸው። መጨረሻ ላይ የጎረቤት ሴት አብራቸው እንድትወርድ ተስማምተው ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እኛ አለን።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣ ወንዙ ሲጠራ፣ አባዬ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች ይዞ ወደ ቆላው ወጣ። እማማ ሰዓዳ አህያቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከጎናቸው። ሁለት ሰዓት ከሄድን በኋላ አንድ ረጅም ተማሪ «ቲቸር፣ ከዚህ መርሳ በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀ። ተራራውን ደመና ሸፍኖታል። አባዬ ቆመ፤ ዙሪያውን አየ።

«አላውቅም» አለ።

ተማሪዎቹ ተያዩ። ከኋላ የሳቀም ነበር። የእኔ ፊት ጋለ።

«ስለማላውቅ ነው እማማ ሰዓዳን ለምኜ ያመጣኋቸው» አለ አባዬ። «እስኪ ሁላችሁም ቁጭ በሉ። ከመጣንበት መንገድ የምታስታውሱትን ንገሩኝ።»

ተቀመጡ። አንዷ የፈረሰ የድንጋይ ካብ አየሁ አለች። ሌላው ሁለት ግንድ ያለው ግራር። እየተቀባበሉ የመንገዱን ቁርጥራጭ አንድ ላይ ሰፉት። አባዬ መሬት ላይ በዱላ ይስላል። እማማ ሰዓዳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያያሉ፤ ሲሳሳቱ በእግራቸው ያጠፉታል። የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወንዙ ጋ ደረስን። እማማ ሰዓዳ ዱላቸውን አንስተው ሁላችንንም አስቆሙ። ተራራውን ፈለጉ፤ ደመናው እንደሸፈነው ነው።

«መቅደስ!» ብለው ጠሩኝ። በሠላሳው ተማሪ ፊት «ምን ይሰማሻል?» አሉኝ።

ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ። አዳመጥኩ። ዝንብ አለ። የአህያዋ ትንፋሽ አለ። አንዱ ሆዱ ጮኸ። ከላይ፣ ከወንዙ መታጠፊያ ወዲያ፣ ወፎች ብቻ ናቸው። መቸኮል አልፈለግኩም፤ ደግሜ አዳመጥኩ። እማማ ሰዓዳም አልቸኮሉም።

ወደ ቀኝ ጆሯቸው ተጠግቼ «ምንም የለም እማማ» አልኳቸው።

«ቢስሚላህ» አሉና አህያዋን ይዘው ወደ አሸዋው ወረዱ።